በእርሻ ላይ ለቈሰለ ሰው ደሙን ስለ ማቆም

ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

ገበሬ ከብረት ጋር የሚውል ሰው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ በማጭድ ያጭዳል፤ በበጋው በመጥረቢያና በገጀራ እንጨት ይቈርጣል፤ የእርሻ ወራት ሲደርስ ማረሻ ያስላል፤ በሬ ይጠምዳል፤ ይፈታል። ባሁኑ ዘመን ደግሞ የመውቂያ መኪናና የውሃ መሳቢያ ሞተር በብዙ መንደር ገብተዋል። ስለዚህ በማናቸውም የሥራ ቀን እጅ ወይም እግር ሊቈረጥ ይችላል። ጤና ጣቢያው ግን ሁልጊዜ ከማሳው አጠገብ አይገኝም። ከአንዳንዱ ማሳ እስከ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ሰዓት ነው፤ ከአንዳንዱም ሁለትና ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በኀይል የሚፈስ ደም ይህን ያህል ጊዜ አይጠብቅም።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት አንድ ዋና ነገር እንገልጻለን፤ ይኸውም በኀይል የሚፈስ ደም መቆም የሚገባው ሐኪም ዘንድ ሲደረስ ሳይሆን ቍስሉ በደረሰበት ቦታ፣ በዚያው ደቂቃ፣ በአጠገብ ባለው ሰው እጅ ነው። ሐኪሙ ቍስሉን ይሰፋል፤ መድኀኒትም ይሰጣል። ነገር ግን የሚሰፋው በሕይወት የደረሰለትን ሰው ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው እዚህ ላይ በእውነት ይሠራል።

የሰው ደም ምን ያህል ነው?

በአንድ ጐልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም አለ። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል ቢፈስ ጤነኛ ሰው ብዙ ሳይጐዳ ይተካዋል። አንድ ሊትር ተኩል ሲፈስ ግን ሰውየው ይገረጣል፤ ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ውሃ ውሃ ይለዋል፤ ይቅበጠበጣል። 2 ሊትርና ከዚያም በላይ ከፈሰሰ ይፈዛል፤ የሚናገረውን አያውቅም፤ ሞትም ቅርብ ነው። በጭን ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ የደም ሥር ቢቈረጥ ሰው በ5 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል።

የልጅ ደም ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ያለው ደም ከአንድ ሊትር አይሞላም። ስለዚህ ለትልቅ ሰው ቀላል የሚመስለው መድማት ለሕፃን ከባድ መሆኑን ልብ አድርጉ።

ደም ከሥሩ ሲወጣ በተፈጥሮው ይረጋል፤ የረጋውም ደም የተቈረጠውን ሥር ይደፍናል። ነገር ግን ደሙ በኀይል ሲገፋ የረጋውን እያጠበ ይወስደዋል። ይህን ነገር የመስኖ ቦይ የጠገነ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። የቦዩ ዳር ሲፈርስ፣ ውሃው እየገፋ ሳለ ጭቃ ቢጥሉበት ጭቃውን ይዞት ይሄዳል፤ ውሃውን መጀመሪያ ገድበው ጭቃውን ቢረግጡት ግን ይይዛል። ቍስልን በእጅ መጫን ውሃውን እንደ መገደብ ነው። ደሙ ቆሞ ሳለ የሚረጋው ይረጋል፤ ቀዳዳውም ይደፈናል። እጃችሁን ቶሎ ቶሎ እያነሣችሁ ብታዩ ግን የረጋው ተነሥቶ ሥራው ሁሉ እንደ ገና ይጀመራል።

አደገኛው መድማት በምን ይታወቃል?

ከዚህ ቀጥሎ ካሉት ምልክቶች አንዱ እንኳ ቢታይ ቍስሉ ለሕይወት የሚያሰጋ ነውና ጊዜ ሳታጠፉ ሥራ ጀምሩ።

1ኛ/ ደሙ እንደ ምንጭ የሚተኰስ ወይም ያለማቋረጥ የሚወርድ ሲሆን፤
2ኛ/ ደሙ በመሬት ላይ የሚያቁር ሲሆን፤
3ኛ/ ልብሱ ወይም የታሰረበት ጨርቅ በደም ሲርስ፤
4ኛ/ እጅ ወይም እግር፣ ወይም ከዚያ ትልቁ ክፍል ተቈርጦ ሲለይ፤
5ኛ/ ቈስሎ የሚደማው ሰው ሲፈዝ፣ ሲቃዥ ወይም ራሱን ሲስት።

ጥቍር ወይም ወፍራም ልብስ ደምን እንደሚሰውር አትርሱ። ጋቢ ለብሶ የወደቀ ሰው ከሥሩ ብዙ ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ደረቅ የታረሰ መሬትም ደም ይመጣል። ስለዚህ በዐይን የሚታየውን ብቻ አትመኑ፤ ልብሱን ገልጣችሁ ወይም ቀዳችሁ ቍስሉን ፈልጉ።

መደረግ የሚገባው ሥራ በየተራው

1ኛ/ ቦታውን ተመልከቱ። መኪናው እየሠራ ከሆነ ሞተሩን አጥፉ። የወጋው በሬ ከሆነ በሬውን አርቁ። የረዳችሁት ሳይሆን እናንተም የምትጐዱ ከሆነ ሁለት ቍስለኛ ይሆናል።

2ኛ/ ሰው ጥሩ። አንዱ ስልክ ይደውል፤ አንዱ ጨርቅ ያምጣ፤ አንዱ ቃሬዛ ያዘጋጅ። ስልክ የሚደውለው ሰው የቀበሌውን ስም፣ የቦታውን ምልክትና የቍስሉን ዐይነት ይንገር። ከቈሰለው ሰው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ካለ ግን መጀመሪያ ደሙን ያቁም፤ ጥሪው ከዚያ በኋላ ይሁን።

3ኛ/ እጃችሁን ሸፍኑ። ደም እንደ ጉበት በሽታና እንደ ኤች አይ ቪ ያሉትን በሽታዎች ሊያስተላልፍ ይችላልና ጓንት ካለ አጥልቁ፤ ከሌለ እጃችሁን በንጹሕ ፌስታል አስገቡ። እስክታገኙ ድረስ ሕመምተኛው ራሱ በገዛ እጁ ቍስሉን እንዲጫን ንገሩት። በኋላም እጃችሁን በሳሙና በደንብ ታጠቡ።

4ኛ/ ቈሰለውን አስተኙትና አይዞህ በሉት። ሴት ብትሆን አይዞሽ፣ አዛውንት ቢሆኑ አይዞዎት ይባል። የሚጮኽና የሚያለቅስ ሰው ካለ ሥራ ስጡት ወይም አርቁት። የፈራ ሰው ልቡ በኀይል ይመታል፤ መረጋጋት ለቈሰለውም ለረዳቱም ይጠቅማል።

5ኛ/ ደሙ የሚወጣበትን ነጥብ አግኙና ተጫኑ። ካላችሁ ጨርቅ ሁሉ ንጹሑን፣ ለምሳሌ የታጠበ ነጠላ ወይም ሻሽ፣ አጥፋችሁ በቍስሉ ላይ አድርጉ። ንጹሕ ጨርቅ ከታጣ ግን የለበሳችሁትን ልብስ ተጠቀሙ፤ ንጹሕ ጨርቅ ሲፈለግ ደም አይለቅ። ሁለቱን መዳፎቻችሁን አደራርባችሁ፣ ክንዳችሁን ሳታጥፉ፣ በትከሻችሁ ክብደት ወደ ታች ተጫኑ። የቈሰለው እጅ ወይም እግር በጠንካራ መሬት ላይ ይረፍ፤ በለስላሳ ድርቆሽ ላይ ቢሆን ኀይላችሁ ይባክናል።

6ኛ/ ሳታቋርጡ 10 ደቂቃ ተጫኑ። ይህ የትምህርቱ ሁሉ ልብ ነው። 10 ደቂቃ ቍስል ለሚጫን ሰው ረጅም ነው፤ በግምት ከሆነ ብዙ ሰው በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ እጁን ያነሣል። ስለዚህ በስልክ ወይም በእጅ ሰዓት ተቈጣጠሩ። «እስቲ ቆመ ወይ?» ብሎ ማየት አይገባም። ቢደክማችሁ ሌላ ሰው እጁን በእጃችሁ ላይ አድርጎ ይተካ፤ ከዚያም እናንተ ከሥር ቀስ ብላችሁ ውጡ።

7ኛ/ ጨርቁ በደም ቢርስ አታንሡት፤ ሌላ ጨርቅ ደርባችሁ በበለጠ ኀይል ተጫኑ። እንዲህም ሆኖ ደሙ የማያቆም ከሆነ እጃችሁ ደሙ ከሚወጣበት ነጥብ ላይ አልዋለም ማለት ነው። ያን ጊዜ ጨርቁን አንሥታችሁ ነጥቡን ፈልጉና በእርሱ ላይ ተጫኑ።

8ኛ/ ደሙ ሲቆም ጨርቁን ሳታነሡ ከላይ በመቀነት ወይም በፋሻ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ካሰራችሁ በኋላ የጣቶቹን ጫፍ ተመልከቱ፤ ቢጠቍሩ፣ ቢቀዘቅዙ ወይም ቢደነዝዙ ማሰሪያው በዝቷልና ጥቂት አላሉት፤ ነገር ግን ጨርቁን አታንሡ።

ቀድሞ የቈሰለውን እጅ ወይም እግር ወደ ላይ ማንሣት ዋና ሥራ ተደርጎ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ግን ደምን የሚያቆመው መጫኑ መሆኑ ስለ ታወቀ ማንሣቱ ግዴታ አይደለም። ለማንሣት ብላችሁ መጫኑን አትተዉ፤ አጥንት የተሰበረ ከሆነም ከቶ አታንሡ።

ጥልቅ ቍስልን በጨርቅ ስለ መሙላት

በብብት፣ በጭን መጋጠሚያ ወይም በትከሻ ላይ የደረሰ ጥልቅ ቍስል ከላይ ቢጫኑት ብቻ አይቆም ይሆናል፤ የሚደማው ሥር ከውስጥ ነውና። እንዲህ ያለውን ቍስል በጨርቅ ሙሉት። ቀጭን ንጹሕ ጨርቅ በጣታችሁ እየገፋችሁ እስከ ጥልቁ ድረስ አስገቡ፤ ቍስሉ እስኪሞላ ድረስ ሥራውን አታቋርጡ፤ ከዚያም ከላይ በሁለት እጅ ተጫኑ። ሕመሙ ብርቱ ስለ ሆነ ቍስለኛው ይጮኻል፤ ነገር ግን ስለ ጩኸቱ ብላችሁ አትተዉ።

በአንገት ላይ የደረሰ ቍስል በእጅ ይጫናል እንጂ በአንገት ዙሪያ አይታሰርም፤ ትንፋሽ ያግዳልና። በደረትና በሆድ ላይ ያለ ቍስል ግን በጨርቅ አይሞላም።

ደም ማገጃ ማሰሪያ

በእጅ ወይም በእግር ላይ ያለ መድማት በመጫን የማይቆም ሲሆን፣ እጅና እግር ተቈርጦ ሲለይ፣ ወይም ቍስለኛው ብዙ ሆኖ ረዳቱ አንድ ሲሆን፣ ደም ማገጃ ማሰሪያ ያስፈልጋል። ሐኪሞች ቱርኒኬት ይሉታል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ሦስት ጣት ያህል የሚሆን ጠንካራ ጨርቅ ውሰዱ። የታጠፈ መቀነት ለዚህ ጥሩ ነው። ገመድ፣ ሲባጎ፣ ሽቦና ቀጭን ጠፍር አይሆኑም፤ ሥጋን ይቈርጣሉ፤ ነርቭንም ይጐዳሉ።

2ኛ/ ከቍስሉ በላይ፣ ወደ ልብ በኩል፣ አራት ጣት ያህል ራቅ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙና አንድ ጊዜ ቋጥሩ። በክርንና በጕልበት መታጠፊያ ላይ አይታሰርም፤ ቍስሉ ለመታጠፊያው ቅርብ ከሆነ ከመታጠፊያው በላይ እሰሩ።

3ኛ/ በቋጠሮው ላይ አንድ ጠንካራ እንጨት አጋድማችሁ እንደ ገና ቋጥሩ። እንጨቱ አንድ ስንዝር ያህል ሆኖ የማይሰበር ይሁን።

4ኛ/ ደሙ እስኪቆም ድረስ እንጨቱን አሽከርክሩ፤ ሲቆምም እንጨቱ እንዳይፈታ በሌላ ጨርቅ እሰሩት። ጥቂት ጠበቅ ብሎ ደሙን ያላቆመ ማሰሪያ ከምንም ይብሳል፤ የሚመለሰውን ደም አግዶ የሚሄደውን አያግድምና መድማቱ ይበዛል። ስለዚህ ከታሰረ በደንብ ይታሰር።

5ኛ/ የታሰረበትን ሰዓት በግንባሩ ወይም በወረቀት ላይ ጻፉ። በማሰሪያው ላይ ጋቢ አትደርቡ፤ ሐኪሙ ሲመጣ ይታየው።

6ኛ/ አትፍቱት፤ አታላሉትም። ይህን የሚያደርግ የጤና ባለሙያ ብቻ ነው።

በዚህ በመጨረሻው ነገር ላይ ልዩ ማስገንዘቢያ ያስፈልጋል። ቀድሞ በብዙ መጻሕፍት ማሰሪያው በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው ይላላ የሚል ትምህርት ይገኝ ነበር፤ ዛሬም እንዲህ የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ይህ ትምህርት ተትቷል። ማሰሪያው በላላ ቍጥር የረጋው ደም ታጥቦ ይሄዳል፤ ሌላ ደምም ይፈሳል፤ ቍስለኛው በጥቂት በጥቂቱ ይደክማል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአፍጋኒስታን፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም በኢራቅ በተደረጉት ጦርነቶች የወታደር ሐኪሞች እንዳዩት፣ ቍስለኛው ሳይዝል ቶሎ የታሰረ ማሰሪያ የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል። ከዚህም የተነሣ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ማናቸውም ሰው ደም ማቆም እንዲማር የሚያደርግ ዘመቻ ተጀመረ።

ሆኖም ማሰሪያው ያለ ምክንያት የሚደረግ ነገር አይደለም። ከ2 ሰዓት በላይ ሲቈይ እጅን ወይም እግርን ሊጐዳ ይችላልና ቍስለኛው በተቻለ ፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይሂድ። መንገዱ ከዚህ ቢረዝም እንኳ በመንገድ ላይ አይፈታም፤ እግር ከማጣት ሕይወት ማጣት ይብሳል። ለእባብ ንድፍ ግን ይህ ማሰሪያ ከቶ አይደረግም፤ ጥቅም የለውም፤ ጕዳትም ያመጣል።

ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

በገጠር ቍስል ሲደማ የተፈጨ ቡና፣ ዐመድ፣ አፈር፣ እበት፣ የሸረሪት ድር፣ የተቀጠቀጠ ቅጠል ወይም ናፍጣ የሚያደርጉበት ብዙ ሰዎች አሉ። ደሙ ሲቆምም መድኀኒቱ አቆመው ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ትንሽ ቍስል በራሱ ጊዜ ይቆማልና ቡናው ባይደረግም ይቆም ነበር። ትልቁን ቍስል ግን ቡና አያቆመውም፤ ደሙ የሚወጣበትን ነጥብ ይሸፍናል፤ ሐኪሙም አጥቦ እስኪያወጣው ብዙ ይደክማል።

ከሁሉ የሚከፋው አፈርና እበት ነው። በእነዚህ ውስጥ የመንጋጋ ቈልፍ በሽታ ዘር ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይኖራል። ወደ ቍስል ሲገባ ከጥቂት ቀን እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መንጋጋን ያደርቃል፤ አንገትንና ጀርባን ይገትራል፤ ይገድላልም። ከመድማት የዳነው ሰው በእበት ምክንያት ሊሞት ይችላል ማለት ነው። ይህን በሽታ የሚከላከል ክትባት ስላለ የቈሰለ ሰው ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ።

ከዚህም ሌላ የሚከተሉትን አታድርጉ።

በከባድ ቍስል ላይ ውሃ እያፈሰሳችሁ አትጠቡ፤ የረጋውን ደም ይወስደዋል። ማጠብ የሐኪሙ ሥራ ነው።

አረቄ ወይም ጠላ አታጠጡ። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ምግብም መጠጥም አይሰጠው፤ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላልና። ከንፈሩ ቢደርቅ በእርጥብ ጨርቅ አርሱለት።

በቍስሉ ውስጥ የተሰካውን እንጨት ወይም ብረት አትንቀሉ። የተሰካው ነገር ቀዳዳውን እንደ ውታፍ ደፍኖት ሊሆን ይችላል፤ ቢነቀል ደሙ ይገነፍላል። በዙሪያው ጨርቅ ጠቅልላችሁ እንዳይነቃነቅ አድርጋችሁ እሰሩና እንዳለ ወደ ሐኪም ይሂድ።

በሬ የወጋው ሰው

የበሬ ቀንድ የሚወጋው ብዙ ጊዜ ሆድን፣ ጭንንና ብብትን ነው። ከውጭ ቀዳዳው ትንሽ ቢመስልም ቀንዱ ከውስጥ ርቆ ሄዶ ሊሆን ይችላል። በሆዱ የተወጋ ሰው ከውጭ ደም ባይታይበትም ቢገረጣ፣ ቢያልበው፣ ሆዱም ቢነፋ ወይም እንደ ጣውላ ቢጠነክር ከውስጥ እየደማ ነው። ይህን ደም እጅ አያቆመውም፤ መድኀኒቱ ፈጥኖ ሆስፒታል ማድረስ ብቻ ነው።

አንጀት ወጥቶ ቢታይ አትንኩት፤ ወደ ውስጥም አትመልሱት። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ አልብሱት። ሰውየውን በጀርባው አስተኝታችሁ ጕልበቱን አጥፉለት፤ የሆዱ ቈዳ ይላላለታል። በጭን ላይ የደረሰው ቍስል ግን ከላይ እንደ ተገለጸው በጨርቅ ተሞልቶ ይጫናል።

ወደ ጤና ጣቢያ ስለ ማድረስ

ደሙ ቆመ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ቍስለኛውን በእግሩ አታስኬዱት። በቃሬዛ ላይ በጀርባው አስተኙትና ከላይም ከታችም በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑት። ይህ ለምቾት ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደም በደንብ አይረጋም። ስለዚህ እርጥብ ልብስ አውልቁለት፤ በቀዝቃዛ መሬት ላይም ያለ ምንጣፍ አታስተኙት። ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ በጐኑ አስተኙት፤ ትውከት እንዳያንቀው ነው።

ጣት ተቈርጦ ቢለይ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፌስታል ውስጥ ቋጥሩት፤ ፌስታሉንም በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ ከቍስለኛው ጋር ይሂድ። ጣቱ ራሱ ውሃ ውስጥ አይግባ።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሲመደቡ ስለ ኖሩ፣ በአቅራቢያ ያለችውን ሠራተኛ ጥሩ። ነገር ግን ቍስሉ ከባድ ከሆነ ሰውየው ወደ ጤና ኬላ ሄዶ ከዚያ እንደ ገና የሚላክ ከሚሆን በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ትንሽ ቍስልም አይናቅ

በማጭድ ጥቂት የተቈረጠ ጣት ጨርቅ ተደርጎበት በመጫን ይቆማል። ከቆመ በኋላ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ቍስሉ አፉን የከፈተ፣ ጥልቅ የሆነ ወይም አፈርና እበት የነካው ከሆነ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። በኋላም ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ ቢያግልና መግል ቢይዝ፣ ወይም ሰውየው ትኵሳት ቢይዘው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

አስቀድሞ የሚዘጋጅ ዕቃ

እያንዳንዱ ቤት የሚከተሉትን በአንድ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጎ ያስቀምጥ፤ በአጨዳ ጊዜም ወደ ማሳ ይዞ ይውጣ።

በሳሙና ታጥበው በፀሐይ የደረቁ ሁለት ወይም ሦስት ጨርቆች፤ አንድ ፋሻ ወይም መቀነት፤ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋትና አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ጠንካራ ጨርቅ ከአንድ ስንዝር እንጨት ጋር፤ ሁለት ንጹሕ ፌስታል ወይም ጓንት፤ ሳሙና፤ አንድ እስክሪብቶ፤ የወረዳው አምቡላንስ፣ የጤና ጣቢያውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ዕቃ አይደለም፤ አብዛኛው በቤት ይገኛል።

ለልማት ሠራተኛው ማስታወሻ

ይህን ትምህርት በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም በዛፍ ጥላ ሥር በአንድ ሰዓት ውስጥ መስጠት ይቻላል። ከአጨዳ በፊት ቢሰጥ ይመረጣል። ቢቻል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አብራ ትገኝ። ንግግር አታብዙ፤ እጅ ይሥራ።

በመጀመሪያ አንድ ሊትር ውሃ በደረቅ መሬት ላይ፣ ሌላ አንድ ሊትር በአሮጌ ጋቢ ላይ አፍስሱና ምን ያህል እንደሚመስል አሳዩ። ገበሬዎቹ አንድ ሊትር ደም ሲያዩ እንዲያውቁት ነው።

ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ በሌላው ክንድ ላይ ጨርቅ አድርጎ እንዲጫን አድርጉ። ሰዓት ይዛችሁ 10 ደቂቃ ሙሉ ያቈዩአቸው። ጊዜው ምን ያህል እንደሚረዝም በእጃቸው ያውቁታል።

ደም ማገጃ ማሰሪያውን ግን በሰው ላይ አጥብቃችሁ አታለማምዱ። በገለባ የተሞላ ጠባብ ከረጢት ወስዳችሁ በእርሱ ላይ ይሰሩ፤ እንጨቱንም ያሽከርክሩ። ሴቶችና ከፍ ያሉ ልጆች ከትምህርቱ አይቅሩ፤ አደጋ ሲደርስ በአጠገብ የሚገኘው ማን እንደሚሆን አይታወቅምና።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ ጐልማሳ ሰው ምን ያህል ደም አለው? ስንት ሊትር ሲፈስ ሞት ይቀርባል?
2. ቍስል በእጅ ሲጫን ስንት ደቂቃ ሳይነሣ ይቈያል? ለምን?
3. ጨርቁ በደም ሲርስ ምን ይደረጋል?
4. ደም ማገጃ ማሰሪያ ከየት በላይ ይታሰራል? በመንገድ ላይ የማይፈታው ስለ ምንድን ነው?
5. እበትና አፈር በቍስል ላይ ቢደረግ ምን በሽታ ያመጣል?
6. በእግሩ እንጨት የተሰካበት ሰው ቢያጋጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?
7. ደሙ የቆመለትን ሰው በጋቢ መሸፈን ለምን ያስፈልጋል?

እነዚህን ጥያቄዎች በቤታችሁ ካሉት ጋር ተጠያየቁ። መልሱ ለጠፋው ሰው ትምህርቱ እንደ ገና ይነበብለት፤ ማንበብ የማይችሉትም ከልጆቻቸው አፍ ይስሙት። ከአጨዳው በፊት አንድ ማታ ለዚህ ይዋል።